30 ሴንቲሜትር

ምስክር ያየውን ይናገራል። እኔ ያየሁት በቴሌቪዥን ነው፤ ደጋግሜ ከማየቴ የተነሳ ግን ዓይኔን ስከድን እንኳ ከፊቴ አይጠፋም።

ቀኑ እሑድ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2012 ነው። ቦታው በካሊፎርኒያ በረሃ ውስጥ ራንቾ ሚራጅ በምትባል ከተማ የሚገኘው ሚሽን ሂልስ የጎልፍ ሜዳ። ከሴቶች ጎልፍ ታላላቅ ውድድሮች አንዱ የሆነው ክራፍት ናቢስኮ ሊጠናቀቅ ነው። ደቡብ ኮሪያዊቷ ኪም ኢን ኪዩንግ 16ኛውንና 17ኛውን ቀዳዳ ከተመደበው ምት አንድ አንድ ቀንሳ ጨርሳ መሪነቱን ይዛለች። (ኪም የቤተሰብ ስም ነው፤ ኮሪያውያን እሱን ያስቀድማሉ። እኔ ግን በእኛ ወግ በራሷ ስም ኢን ኪዩንግ እላታለሁ።) የቀራት 18ኛው፣ ዙሪያውን ውሃ የከበበው የመጨረሻው ቀዳዳ ብቻ ነው። ኳሷ ከቀዳዳው 30 ሴንቲሜትር ያህል ርቃ ቆማለች። ለእግር ኳስ ወዳጅ ልንገረው፤ ግብ ጠባቂ የሌለበት ባዶ ጎል ማለት ነው።

ጠጋ ብላ ኳሷን በስሱ ገፋቻት። ኳሷ አፋፉን ነካች፤ ዞረች፤ ተመልሳ ወጣች።

እጅን በአፍ የሚያስጭን ነገር ሲባል እንሰማለን። እዚያ አባባሉ በአካል ታየ፤ ኢን ኪዩንግ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። ካሜራው ፊቷን አልለቀቃትም። ውጤቱ እኩል ሆነና አሸናፊው በመለያ እንዲታወቅ ተደረገ፤ የአገሯ ልጅ ዩ ሰን ያንግ በመጀመሪያው የመለያ ቀዳዳ ላይ አሸነፈቻት። ያኔ በዚያ ውድድር ያሸነፈች ሁሉ አጠገቡ ያለው ኩሬ ውስጥ ትዘል ነበር። ልማዱን አሜሪካዊቷ ኤሚ አልኮት የጀመረችው በ1988 ነበር፤ ኢን ኪዩንግ በተወለደችበት ዓመት። ዩ ዘለለች። ኢን ኪዩንግ ወደ ቤቷ ሄደች።

የጎልፍ ቀዳዳ ስፋቱ 10.8 ሴንቲሜትር ነው፤ ኳሷ ደግሞ 4.3 ሴንቲሜትር ያህል ናት። ሰፊ ቦታ ነበር። ለዚህም ነው ብዙ ሰው «ልቧ ከድቷት ነው» ብሎ የፈረደው። ይህ ፍርድ ያንገበግበኛል። አራት ቀን ሙሉ እዚያ ያደረሳት ያው ልብ ነበርና።

ሸክሙ እንዲገባን ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። በ1998 ኮሪያ በገንዘብ ቀውስ ተመታ ሕዝቡ አንገቱን በደፋበት ጊዜ ፓክ ሴ ሪ የምትባል የ20 ዓመት ወጣት በአሜሪካ ዊስኮንሲን የአሜሪካ ሴቶች ኦፕንን አሸነፈች። ጫማና ካልሲዋን አውልቃ ውሃ ውስጥ ገብታ ኳሷን ስትመታ ኮሪያ በሙሉ አይቷታል። ያኔ ያዩዋት ሕፃናት የጎልፍ ዱላ አንስተው ፈለጓን ተከተሉ፤ «የሴ ሪ ልጆች» ተባሉ። ኢን ኪዩንግ የዚያን ጊዜ 10 ዓመቷ ነበር። የ1988 ልጆች ፓክ ኢንቢና ሺን ጂ ያይም የዚሁ ትውልድ ናቸው። ስለዚህ ኢን ኪዩንግ የምትወዳደረው ከባዕድ ጋር ብቻ አልነበረም፤ አብረዋት ካደጉት ጋርም ነው። ሺን በዚያው በ2012 የብሪታንያ ሴቶች ኦፕንን ለሁለተኛ ጊዜ ወሰደች። በዓመቱ ደግሞ እዚያው የሚሽን ሂልስ ኩሬ ውስጥ የዘለለችው ፓክ ኢንቢ ነበረች።

ኢን ኪዩንግስ? በ2013 ኪያ ክላሲክ ላይ እንደገና በመለያ ተሸነፈች። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ኦፕን ከፓክ ኢንቢ ቀጥላ ሁለተኛ ወጣች። በ2014 ፖርትላንድ ላይ እንደገና በመለያ። በ2010 ሜክሲኮ ውስጥ የሎሬና ኦቾአን ውድድር አሸንፋ ሽልማቷን፣ 220,000 ዶላር፣ አንድ ሳታስቀር ለበጎ አድራጎት የሰጠች ሴት ናት። ከዚያ ድል በኋላ ግን ስድስት ዓመት ያህል በኤልፒጂኤ (የሴቶች ፕሮፌሽናል ጎልፍ ማኅበር) ውድድሮች ዋንጫ አላነሳችም። ተመልካች ስለ ልግስናዋ አላወራም፤ ያቺን 30 ሴንቲሜትር ግን በየአጋጣሚው ከፍቶ ያያል። ከሽንፈቱ ይልቅ የከፋው ይህ ይመስለኛል፤ ቁስሉ ሊሽር ሲል ሌላ ሰው የሚነካው መሆኑ።

ዱላዋን ግን አልጣለችም። ውድድር ባለበት ሁሉ ስሟ ነበር። በኋላ ስትጠየቅ ለራሷ ደግ መሆንን እየተማረች እንደቆየች ተናግራለች፤ እኔም አምናታለሁ። ለሌላው ለጋስ የሆነ ሰው በራሱ ላይ ሲጨክን ብዙ ጊዜ አይቻለሁና።

በኦክቶበር 2016 ቤጂንግ ላይ አሸነፈች። በ2017 ጁን ላይ አንድ፣ ጁላይ ላይ ሌላ ዋንጫ ጨመረች። ከዚያ ኦገስት መጣ፤ ስኮትላንድ፣ ኪንግስባርንስ፣ የባሕር ዳሩ ሜዳ፣ የብሪታንያ ሴቶች ኦፕን። ወደ መጨረሻው ቀን የገባችው በስድስት ምት መሪነት ነው። የምናውቃት ሰዎች ግን ስድስቱም አላረጋጉንም። እንግሊዛዊቷ ጆዲ ኤዋርት ሻዶፍ ያን ቀን 64 መትታ ከኋላ ገሰገሰች፤ ልዩነቱ ጠበበ፤ የእኔም ልብ ራንቾ ሚራጅ ሄደ። የኢን ኪዩንግ ግን እዚያው ሜዳው ላይ ነበር። 71 መትታ ጨረሰች፤ በአራቱ ቀናት 270፣ ከተመደበው 18 ያነሰ። በሁለት ምት በለጠች። በ29 ዓመቷ፣ ከዚያች ኳስ አምስት ዓመት ከአራት ወር በኋላ፣ የታላቅ ውድድር ባለድል ሆነች።

እናንተ የ2012ቱን ምስል ዛሬም ከፍታችሁ የምታሳዩ ሰዎች፣ ለጠቅ አድርጋችሁ የኪንግስባርንሱንም አሳዩልን።