«ምን ያስፈራሃል?»

ዛሬ ስለ ስኪ ልጽፍ ነው። አትሳቁ! የደብረ ብርሃን ብርድ ያሳደገውን የፊዚክስ መምህር ከስኪ ጋር ምን አገናኘው የምትሉ ትኖራላችሁ። እንጀራ ነው ያገናኘን። ዴንቨር ከመጣሁ ወዲህ ዊንተር በደረሰ ቁጥር ሰው ከኤርፖርት ወደ ቬይል በሹትል አመላልሳለሁ። ተሳፋሪዎቼ እነዚያን ረጃጅም ቦርሳዎች ከኋላ ጭነው እስኪደርሱ ድረስ የሚያወሩት ስለ ስኪ ነው። ስሰማ ስሰማ እኔም ተያዝኩ።

ከሁሉም የወደድኩት ጃይንት ስላሎም የሚባለውን ውድድር ነው። ቁልቁለቱ ላይ ቀይና ሰማያዊ በሮች እየተፈራረቁ ይተከላሉ። ተወዳዳሪው በሁሉም ማለፍ አለበት፤ አንዷን ከሳተ አለቀ። ፍጥነቱ በሰዓት እስከ 80 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፣ በዚያ ፍጥነት ደግሞ መንገዱ ሁሉ ኩርባ ነው። ሲታጠፉ በጎናቸው ጋደም ብለው በረዶውን ሊነኩት ይደርሳሉ። ክፍል ውስጥ ድንጋይ በገመድ አስሬ እያሽከረከርኩ ሴንትሪፒታል ፎርስ ያስተማርኳችሁ፣ እሱው ነው። እዚህ ገመዱ የስኪው የብረት ጠርዝ ነው። ጠርዙ በረዶውን ለቀቀ ማለት ገመዱ ተበጠሰ ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለው። ውድድሩ ሁለት ዙር ነው፤ የሁለቱ ሰዓት ይደመራል። ለሁለተኛው ዙር በሮቹ እንደ አዲስ ይተከላሉ። አስቀድመው መንገዱን በዝግታ አይተው ያጠኑታል እንጂ በሮቹን እያለፉ አይለማመዱበትም። ከመጀመሪያው ዙር 30ዎቹ ፈጣኖች ሲመለሱ የሚጀምረው 30ኛው ነው፤ አንደኛ የነበረው መጨረሻ ይወርዳል። ያ ሰው ላይ ቆሞ ሌሎቹ ሲወርዱ ይጠብቃል። ለማሰብ ብዙ ጊዜ አለው። ለመፍራትም።

ሚካኤላ ሺፍሪን እዚሁ ቬይል የተወለደች ልጅ ናት። በ2018 የፒዮንግቻንግ ኦሎምፒክ በጃይንት ስላሎም ወርቅ ወሰደች። ማርች 2023 ስዊድን ውስጥ የኢንገማር ስቴንማርክን የ86 ድል ሪከርድ የተጋራችው በጃይንት ስላሎም ነው፤ በማግስቱ በስላሎም ሰበረችው። ኖቬምበር 30 ቀን 2024 ደግሞ 99 ድል ይዛ ኪሊንግተን፣ ቨርሞንት መጣች። የመጀመሪያውን ዙር መርታ ጨረሰች። በሁለተኛው ጠርዙ ለቀቃት። በር መትታ፣ ተንሸራትታ አጥሩ ላይ አረፈች። ሆዷን በጎን በኩል የሆነ ስለታም ነገር ወግቷት ጡንቻዋ ተጎዳ።

ቁስሉ ዳነ። በሁለት ወሯ በስላሎም ተመለሰች። ጃይንት ስላሎም ግን እምቢ አላት። ፌብሩዋሪ 2025 ሳልባህ ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና፣ የ2023 የጃይንት ስላሎም አሸናፊ እሷው ሆና ሳለች፣ አእምሮዋ ገና ዝግጁ እንዳልሆነ በአደባባይ ተናግራ ቀረች። በዚያው ወር ሴስትሪየሬ፣ ጣሊያን ውስጥ ሞከረች፤ 25ኛ ወጣች። በማግስቱ ወደ ሁለተኛው ዙር እንኳ አላለፈችም። በሦስተኛው ቀን በስላሎም 100ኛ ድሏን አገኘች፤ በአልፓይን ስኪ የዓለም ዋንጫ ታሪክ ወንድም ሴትም እዚያ ደርሶ አያውቅም ነበር።

ይህን ስሰማ የሱፐርማርኬት ፓርኪንግ ውስጥ ብቻዬን መኪና ውስጥ ተቀምጬ ነበር። አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በዚያው ጃንዋሪ ቬይል ፓስ ላይ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ፣ አራት ሰው ጭኜ መኪናው ተንሸራተተብኝ። ጣርማ በርን በጭጋግ የሚያውቅ ሰው ተራራ አይፈራም ትሉ ይሆናል። ፍሬን ያዝኩ፣ ምንም የለም። ስንት ዓመት ሙሉ ስለ ፍሪክሽን ያስተማርኩ ሰውዬ መሪ ጨብጬ መንገደኛ ሆንኩ። የመንገዱ ዳር ብረት አቆመን። ማንም አልተጎዳም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ከዚያ በኋላ ግን ቁልፉን ሳዞር እጄ ይንቀጠቀጣል። ለባለቤቴ «መኪናው ጋራዥ ነው፣ ሥራ ቀዝቅዟል» አልኳት። ጠዋት ጠዋት ለብሼ እየወጣሁ ፓርኪንግ ውስጥ ስቀመጥ እውል ነበር። የቤት ኪራይ አለ፣ ልጆች አሉ፣ እኔ ግን እዚያ ቁጭ።

አንድ ተማሪም ትዝ አለኝ። ደብተሩ ላይ ሲሠራ ጎበዝ ነው፤ ሰሌዳ ላይ ሳስወጣው ጠመኔው እጁ ላይ ይቀራል። «ምን ያስፈራሃል? ወንድ አይደለህም?» እለው ነበር። ክፍሉ ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። አንድ ቀን ብቻ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ። የምጠቅመው ይመስለኝ ነበር። በሁለተኛው ሴሚስተር የእኔ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ መቅረት ጀመረ። ሰነፈ ብዬ ያዝኩት።

100 ጊዜ ያሸነፈች ሰው «ፈርቻለሁ» ስትል፣ ወንድነት የለሽም ወይ ሊላት የሚችል ማን ነው? ፍርሃቷ የመጣው ካለማወቅ አይደለም። ሰውነቷ የደረሰበትን ስለሚያስታውስ ነው። የልጁ ሰውነትም የክፍሉን ሳቅ ያስታውስ ነበር።

ያን ቀን ማታ ለባለቤቴ እውነቱን ነገርኳት። መጀመሪያ ስለዋሸሁ ተቆጣችኝ። ቆይታ ደግሞ «ታዲያ ከተማ ውስጥ ንዳ፤ ተራራው የትም አይሄድ» አለችኝ። አለቃዬን ለምኜ የከተማ ውስጥ ሥራ ያዝኩ። ብሩ ያንሳል፣ ግን ብር ነው። በረዶው ሲቀልጥ አንድ ፀሐያማ ቀን ያለ ተሳፋሪ ወጣሁ። ዛሬ በረዶ ላይም እነዳለሁ። ያቺ ኩርባ ስትደርስ እጄ አሁንም ያልበኛል።

መምህር የሆናችሁ ልጆቼ፣ ሰሌዳ ላይ የሚደርቅባችሁ ተማሪ ካለ መጀመሪያ ወንበሩ ላይ እንዳለ ይመልስ። ቀጥሎ ከጓደኛው ጋር ይውጣ። ብቻውን የሚወጣበትን ቀን ራሱ ይንገራችሁ።

አንተ ደግሞ፣ ይህን ካነበብክ ራስህን ታውቃለህ። ሰነፍ አልነበርክም። ያስፈራሁህ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ። ኢንቦክስ ብትጽፍልኝ ደስ ይለኛል፣ ባትጽፍልኝም እረዳለሁ።

ነገ በረዶ ይጥላል ተብሏል። ከሌሊቱ አስር ሰዓት ተነስቼ ወደ ቬይል ነኝ። ጸልዩልኝ። በሰላም ያገናኘን።