ሲ ድራይቭ ሞልቷል

ጥቅምት 4 ቀን 2018፣ ማክሰኞ

ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የነበረው ነፃ ድጋፍ ዛሬ ያበቃል። እኔ ኮምፒውተር በምጠግንባት መርሳ ከተማ ቀኑን ያስታወሰ የለም። ወደ 11 ያሻገረ ደንበኛ ግን «ሲ ቀይ ሆነብኝ» እያለ መምጣት ጀምሯል። ነገሩ ቀላል ነው፤ አዲሱ ሲገባ አሮጌውን አያጠፋውም፤ «ዊንዶውስ ዶት ኦልድ» የሚባል ፎልደር ከፍቶ እዚያ ያጉረዋል።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ከግራና በኩል አንዲት መምህርት ወደ 11 የተሻገረ ላፕቶፕ ይዘው መጡ። ዲስኩ 128 ጊጋ ነው፤ የቀረው አንድ ጊጋ አይሞላም።

«ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም አሉኝ።»

«አብሽሩ መምህር፣ ፎርማት ምን ሊያደርግ!»

እኛ ከተማ ለኮምፒውተር ሕመም ሁሉ ፎርማት ይታዘዛል፤ ለጠያቂው ሳይሆን ለሠሪው ስለሚቀል ይመስለኛል። እኔ መጀመሪያ የአማርኛ መጻፊያውን ፓወር ግዕዝን ከፈትሁ፣ የፈተና ወረቀታቸውንም አተምሁ። ፊደሉም ፕሪንተሩም ደህና ነው። አሮጌው ከተሰረዘ ወደ 10 መመለሻ ስለሌለ ሁሉም በ11 ላይ መሥራቱን ሳያዩ መነካካት አይገባም። ያለዚያም የመመለሻው ጊዜ 10 ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ ሲስተሙ ራሱ ያጠፋዋል።

ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ስቶሬጅ፣ ቴምፖራሪ ፋይልስ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ሣጥኖቹን ሁሉ ራይት ሊያደርግ እጁን ሲሰድ ያዝሁት፤ ከመካከላቸው «ዳውንሎድስ» አለ፣ መምህርቷ ከቴሌግራም ያወረዱት መጽሐፍ ሁሉ እዚያ ነው። ያለፈውን ዊንዶውስና የአፕዴት ትርፍራፊውን ብቻ መረጥን። 23 ጊጋ ተለቀቀ፤ ኢንተርኔትም አላስፈለገውም።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

አንድ የኮሌጅ ተማሪ «ዊን ኤስ ኤክስ ኤስ» የሚባለውን ፎልደር በእጁ ሊሰርዝ ሲታገል አገኘሁት። ዊንዶውስ ስለከለከለው ተናዷል። መከልከሉ ደግ ነው፤ ያ ቢነካ ማሽኑ ላይነሳ ይችላል። የሚያሳየው መጠንም ያታልላል፣ አንዱን ፋይል ሁለት ቦታ ይቆጥረዋልና። በአስተዳዳሪ መብት የትእዛዝ መስኮቱን ከፍቼ «ዲዝም» በሚባለው መሣሪያ የቆዩትን ቁርጥራጮች ብቻ አስጠረግሁ። ዴስክቶፕ ነው፣ ባትሪ የለውም፤ መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ልቤ አብሮ ብልጭ ይል ነበር።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

የቅሬው (የዕድሩ) ጸሐፊ መጡ። ሌላ ቦታ ዊንዶውስ ተጭኖላቸው የአባላቱ መዝገብ «ጠፍቷል»። ዴስክቶፑ ባዶ ነው። ደግነቱ የጫነው ሰው ፎርማት አላደረገውም፤ ዊንዶውስ ዶት ኦልድ ውስጥ «ዩዘርስ» የሚለውን ስከፍት የመዋጮው ኤክሴል ከነስም ዝርዝሩ ቁጭ ብሏል። ጥቂት ቀን ቢዘገዩ ኖሮ ሲስተሙ ጠርጎት ነበር። በፍላሽና በዲ ላይ ገለበጥሁት፣ በፊታቸው ከፍቼ አሳየኋቸው፣ ከዚያ አሮጌውን አጠፋሁት።

ሂሳብ ስነግራቸው ደነገጡ።

«ለመሰረዝም ይከፈላል እንዴ?»

«ጋሼ፣ የሚከፈለው ለማግኘቱ ነው» አልኋቸው። አላመኑኝም፤ ግማሹን ከፍለው ሄዱ።