ስኳር የማን ነው?

አንድ ጓደኛችን ለዚህች መጽሔት ግጥም አመጣልን። ሻይ ሸጣ ስላሳደገችው እናቱ የጻፈው ነው። እኛ ደግሞ ያን ሰሞን ባዕድ ቃል ከገጻችን እንነቅላለን ብለን ታጥቀን ተነሥተን ነበርና «ሻይ» እና «ስኳር» ላይ በቀይ አስምረን መለስንለት። ልጁ ወረቀቱን አየት አደረገና «ታዲያ እናቴ ምን ትሽጥ?» አለን። ዝም አልን፤ ምን እንበል?

ነገሩ ሲከነክነን ጊዜ ቤተ መጻሕፍት ገብተን የስኳርን የዘር ሐረግ መቁጠር ያዝን። ዐረቦቹ ሱከር፣ ፋርሶቹ ሸከር፣ በፓሊ ቋንቋ ደግሞ ሰክኸራ ይባላል። ከሁሉም ጀርባ የሕንዶቹ የሳንስክሪት ቃል «ሸርከራ» አለ። የሚገርመው፣ እዚያም ቢሆን ሲወለድ ጣፋጭ አልነበረም። በጥንታዊው አታርቫ ቬዳ ትርጉሙ ጠጠር፣ ኮረት ነው። በኋላ የአገዳው ጭማቂ ፈልቶ ሲረጋ ኮረት መሰለና ስሙን ወረሰ።

ቃሉ በአገሩ አንስታይ ጾታ ነው። ለስምንት ሙያ መድረሻውን ይለዋውጣል፦ «ሸርከራም» ስኳርን፣ «ሸርከረያ» በስኳር፣ «ሸርከራያይ» ለስኳር ማለት ነው። ነጠላና ብዙ አልበቃ ብሎት ለሁለት ብቻ የሚሆን ቁጥርም አለው፤ «ሸርከሬ» ሲሉ ሁለት ጠጠር ማለታቸው ነው። ፓኒኒ የተባለው ሊቅ የዚህን ቋንቋ ሰዋስው ወደ 4000 በሚጠጉ አጫጭር ደንቦች አስሮታል።

እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን ያን ሁሉ ጓዝ አራግፎ ነው የገባው። እነሱ በቃሉ መጨረሻ የሚቀጥሉትን እኛ «በ» እና «ለ» ብለን ከፊቱ ቀጠልንበት፤ «ን» ብቻ እንደነሱ ከኋላ ቀረች። ሁለትነቱን አስረሳነው፤ አንስታይነቱም ቀርቶ «ስኳሩ» እንለዋለን። ገበያ የምትወጣ እናት «ስኳሩን ከየት ገዛሽው?» ስትል ሳንስክሪትም ዐረብኛም አትናገርም። አማርኛ ነው የምትናገረው፣ ያውም ጥርት ያለ። በቀይ ያሰመርንበት ቃል ለካ የራሳችንን ሰዋስው ተሸክሞ የቆመ ኖሯል!

ጓደኛችንን ይቅርታ ጠይቀናል። ግጥሙ በሚቀጥለው ገጽ አለ፤ ሻዩም ስኳሩም በቦታቸው ናቸው።