የራስን ጩኸት ስለ መለካት

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይላሉ አባቶቻችን። ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሬ ስሰማው ብኖርም፣ ለሌሎች ሰዎች የተነገረ እንጂ እኔን የሚመለከት አይመስለኝም ነበር። የእኔም መሆኑን ያወቅሁት ካገሬ ርቄ፣ በባሕር ላይ ነው። ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፤ እኔ ያፈርሁበት ነገር ለእናንተ ትምህርት ይሆን ዘንድ ታሪኩን እንደ ሆነው እጽፍላችኋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2004 ዓመት፣ የባሕርን ወለል እየለካች ለካርታ ሥራ በምታቀርብ አንዲት መርከብ ላይ ተቀጥሬ በኖርዌይ ባሕር እሠራ ነበር። የእኔ ድርሻ ሶናር የሚባለውን መሣሪያ መቈጣጠር ነበር። ሶናር ከመርከብ ሆድ ሥር ሆኖ ድምፅ ወደ ታች ይልካል፤ ድምፁ ከወለሉ ነጥሮ እስኪመለስ ያለውንም ጊዜ ቈጥሮ ጥልቀቱን ያስታውቃል። ድምፅ በባሕር ውኃ ውስጥ በ1 ሴኮንድ 1,500 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ ጥልቀቱ 750 ሜትር በሆነበት ስፍራ ደርሶ ለመመለስ 1 ሴኮንድ ይበቃዋል።

ይህ ጥበብ ከመከራ በኋላ የተስፋፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ታይታኒክ የተባለችው መርከብ ከበረዶ ተራራ ጋራ ተጋጭታ 1,500 ያህል ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ ዓይን በጨለማ የማያየውን ጆሮ እንዲያውቀው ብዙ ሊቃውንት ደከሙ። በ1914 ሬጂናልድ ፌሰንደን የተባለው የካናዳ ተወላጅ በውኃ ውስጥ ድምፅ ልኮ ከበረዶ ተራራ የተመለሰውን ማሚቶ ለመስማት ቻለ።

ነገር ግን ተመላሹ ድምፅ እጅግ ደካማ ስለ ሆነ ጩኸት ይጋርደዋል። ነፋስና ማዕበል ይጮኻሉ፤ ዝናብ የውኃውን ፊት ሲመታ ይሰማል፤ በሩቅ የሚያልፉ መርከቦችና ዓሣ ነባሪዎችም ድምፅ አላቸው። ብዙ ጊዜ ከሁሉ የሚብሰው ግን የገዛ መርከብ ጩኸት ነው። ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ ፓምፑ ያጓራል፤ ፕሮፔለሩም በፍጥነት ሲዞር በክንፎቹ ላይ የውኃው ግፊት ይቀንስና ጥቃቅን አረፋዎች ተፈጥረው ወዲያው ሲከስሙ ይንጫጫሉ።

ስለዚህ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጩኸቱ ይለካል። በዚህ ጊዜ ሶናሩ ድምፅ መላኩን ትቶ መስማት ብቻ ይሆናል ሥራው። በመጀመሪያ መርከቢቱ ሞተሯን አጥፍታ በውኃው ላይ እየተንሳፈፈች ይደመጣል። ቀጥሎ ፍጥነቷ በየ2 ኖት ከፍ እየተደረገ፣ በየደረጃው ለጥቂት ደቂቃዎች ይደመጣል፤ 1 ኖት ማለት በሰዓት 1,852 ሜትር ነው። በመጨረሻም ፓምፖቹ እየተፈራረቁ ይሠሩና የእያንዳንዱ ጩኸት ለየብቻ ይጻፋል። መለኪያው ዴሲቤል ይባላል፤ 10 ዴሲቤል ሲጨምር የድምፁ ኃይል 10 እጥፍ፣ 20 ሲጨምር 100 እጥፍ ይሆናልና፣ ትንሽ የሚመስለው ቍጥር የሚናቅ አይደለም።

በሞተሩ ክፍል ውስጥ፣ በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ በኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የሠለጠኑ አንድ ያገሬ ሰው ነበሩ። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እርሳቸውም ልጄ ይሉኛል። ልኬቱን ልጀምር ስል መጥተው፣ «ልጄ፣ የማቀዝቀዣው ፓምፕ ድምፅ ተለውጦብኛል፤ ኩሽኔታው ሳይበላ አልቀረም። ስትለካ እርሱን እንዳታልፈው» አሉኝ። እሺ አልኋቸው። ነገር ግን የፍጥነቱን ልክ ስጨርስ ሌሊቱ ተጋምሶ ነበር፤ ደክሞኝም ነበር። ከድካሙ የባሰው ትዕቢቴ ነው፤ ዲግሪ ይዤ ሳለሁ በጆሮው ብቻ የሚሠራ ሰው ምን ያስተምረኛል ብዬ ነበርና። የፓምፖቹን ሰንጠረዥ ካለፈው ዓመት መዝገብ በገለበጥሁት ቍጥር ሞልቼ፣ ፈርሜ ተኛሁ።

አራት ቀን ለካን። ካርታው ግን በተለይ ዳርና ዳሩ በሌለ ጕድጓድና በሌለ ጕብታ ተሞላ። የመርከቢቱ አለቃ ምክንያቱን ሲጠይቀኝ ነፋሱ ነው አልሁ። ነፋሱ ሲበርድ ደግሞ የመሣሪያው ሠሪዎች ጥፋት ነው አልሁ። አለቃውም የፈረምሁበትን ሰንጠረዥ አምኖ ለሠሪዎቹ የአቤቱታ ደብዳቤ ሊጽፍ ተነሣ።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ወደ ሞተሩ ክፍል ወረድሁ። ጋሼ ምንም ሳይናገሩ ረጅም ካቻቢቴ አነሡና ጫፉን በፓምፑ ላይ፣ እጀታውን በጆሮዬ ላይ አደረጉት። ድንጋይ እንደ ገባበት ወፍጮ የሚፈጭ ድምፅ ሰማሁ።

«ነግሬህ ነበር» አሉኝ ቀስ ብለው።

«አልሰማሁዎትም፣ ጋሼ» አልኋቸው።

«አሁንማ ሰማህ። የቀረህ መናገሩ ነው» አሉኝ።

ከሞተሩ ክፍል እስከ አለቃው በር ያለው ደረጃ አጭር ነው፤ እኔ ግን ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመለስሁ። በሦስተኛው አንኳኳሁና ቍጥሩን ሳልለካ እንደ ገለበጥሁት ነገርሁት። አለቃው ብዙ ጊዜ ዝም ካለ በኋላ፣ «በዚህ ካርታ ዓሣ አጥማጆች ይሄዱበታል» አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም። ተጠባባቂው ፓምፕ ተነሣ፤ ጩኸቱ ወረደ፤ የአራቱ ቀን ሥራ ተሰርዞ ከመጀመሪያው ተጀመረ። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ፣ የምጽፈው ቍጥር ሁሉ ሌላ ሰው ሳያየው አይታመንም ነበር። ቅጣቱ የተገባ ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። የጋሼ ምክር በቅርብ፣ ባገሬ ቋንቋ የተነገረኝ ነበር፤ ያልሰማሁት የገዛ ትዕቢቴ ከምክራቸው በላይ ይጮኽ ስለ ነበር ነው። ማዕበልን ዝም ማሰኘት የሰው ሥልጣን አይደለም፤ የገዛ ፓምፕን ማደስ ግን የሰው ሥልጣን ነው። እኔ ግን የምችለውን ትቼ የማልችለውን ስከስ አራት ቀን አጠፋሁ።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፤ ወላጅ ሲመክራችሁ ወይም ወዳጅ ሲወቅሳችሁ፣ መልስ ለመስጠት ከመቸኰላችሁ በፊት ሞተራችሁን ጥቂት አጥፍታችሁ አድምጡ። ጥፋትን በነፋስና በሰው ላይ ከመጣላችሁ በፊት የራሳችሁን ጩኸት ለኩ። ሳትለኩም የለካችሁ አትምሰሉ፤ ያልለካችሁትን ስፍራ ባዶ ተዉት። ባዶ ስፍራ መንገደኛውን ያስጠይቀዋል፤ የሐሰት ቍጥር ግን አምኖት ሲሄድ ያሰጥመዋል።