«ደማችን ለምዶታል» ለሚሉ የቆላ ልጆች



ከቆቦ፣ ከሮቢትና ከዋጃ የመጣን ተማሪዎች ስንገናኝ የማይቀር ክርክር አለ። «የራያ ቆላ ሰው ደሙ ወባን ለምዷል፤ ወባ የሚጥለው ደገኛውን ነው» ይባላል።

በእርግጥ ደም ከደም ይለያል። በቀይ የደም ሴል ላይ ዳፊ የሚባል ፕሮቲን አለ። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ተውሳክ ወደ ሴሉ የሚገባው በዋናነት በእሱ ነው። ፕሮቲኑ በሴሉ ላይ የሌላቸው ሰዎች ቫይቫክስን እንደሚቋቋሙ ልዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1976 አሳዩ። ልዩነቱን የሚያመጣው ከሦስት ቢሊዮን ገደማ የዘረመል ፊደላት የአንዷ መቀየር ነው። (ኮድ የምንጽፍ ልጆች አንዲት ፊደል ምን እንደምታደርግ እናውቃለን።) የምዕራብ አፍሪካ ሕዝብ አብዛኛው ፕሮቲኑ ስለሌለው ቫይቫክስ እዚያ ብርቅ ነው።

አገራችን ግን ሌላ ናት። ፕሮቲኑ ያለውም የሌለውም በአንድ ሶፍ ጎን ለጎን ይሰግዳል፤ ማን የትኛው እንደሆነ መልክ አይናገርም። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ፕሮቲኑ በሌላቸው ኢትዮጵያውያን ላይም ቫይቫክስ ተገኝቷል። ይበልጥ ነፍስ የሚያጠፋው ፋልሲፓረም ከነጭራሹ በሌላ በር ነው የሚገባው።

መልመድ የሚባለውም ለዓመታት ሳያቋርጡ መነከስን ይፈልጋል። የእኛ ወባ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይበረታና ይበርዳል። አያቶቻችን ለምደውት ቢሆን ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የወባ መቆጣጠሪያ ሙከራ ሲጀመር ቆቦ ጨርጨር ከተመረጡት ቦታዎች አንዱ ባልሆነ ነበር።

ለተማሪ ከባዱ የቫይቫክስ ጠባይ ጉበት ውስጥ ማንቀላፋቱ ነው። ለእረፍት ቤተሰብ ጋ ሄዶ የተነከሰ ልጅ ከወራት በኋላ የወባ ትንኝ በሌለበት ደጋ፣ ዶርም ውስጥ፣ ፈተና መሃል ይንቀጠቀጣል። ሐኪሙ ከየት እንደመጣ ካላወቀ ታይፎይድ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ክሊኒክ ስንገባ «ቤተሰቦቼ ቆቦ ናቸው፣ የወባ ምርመራ ይደረግልኝ» እንበል። ኡስታዞቻችን ተወኩልን ሲያስተምሩን ሰበብ ማድረስንም አብረው አስተምረውናል።

ጉበት ውስጥ የተኛውን የሚያጠፋው ፕሪማኩዊን ነው፤ የተለመደው አወሳሰድ 14 ቀን ነው። ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን ሲለቅ ኪኒኑን ትቶ የቀረውን ለታመመ የዶርም ጓደኛ የሚሰጥ አለ። በወንድማማችነት ነው፣ ኒያው ያማረ ነው፤ ነገር ግን ሰጪው የተቀባዩን ደም አያውቅም። አንዳንድ ሰው ቀይ የደም ሴልን ከጉዳት የሚጠብቀው ጂ ሲክስ ፒ ዲ የተባለ ኢንዛይም ያንሰዋል። ጉድለቱ በኤክስ ክሮሞዞም ስለሚተላለፍ ወንዶች ላይ ይበዛል፤ ልጁ ከእናቱ ይወርሰዋል፣ እናትየው ግን ምንም ላይሰማት ይችላል። የሚገርመው፣ ይኸው ጉድለት የበዛው ወባ በኖረበት አገር ነው፤ ተመራማሪዎች ከከባድ ወባ ስለሚከላከል ነው ይላሉ። ከወባ ሳይከላከል አልቀረም የተባለው ደም የወባን መድኃኒት አይችልም፤ ሴሎቹ ይፈርሳሉ።

እንግዲህ ፕሪማኩዊን ስንታዘዝ ስለዚህ ኢንዛይም ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን እንጠይቅ። በቤተሰብ ውስጥ መድኃኒት ወስዶ ደም ያነሰው ሰው ካለም እንናገር። እየወሰደ ሳለ ሽንቱ እንደ ጥቁር ሻይ የጠቆረ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ኪኒኑን አቁሞ በዚያው ሰዓት ጤና ተቋም ይሂድ፤ ሌሊትም ቢሆን የዶርም ጓደኛውን ይቀስቅስ።