መንገድ ላይ ለሚቀረው ቀሚስ

እንጦጦ ራጉኤል፣ ነሐሴ 20

ይድረስ ለልጄ፣

 

አያት ሰፈር የተከራየሽው ቤት ገብተሽ ቴሌግራም ላይ ሱቅ መክፈትሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። መሸጡን ትችይበታለሽ፤ ሽሮ ሜዳ ሱቄ ውስጥ ጥለት እየመረጥሽ ነው ያደግሽው። የምፈራልሽ ለሚመለሰው ዕቃ ነው፤ በተለይ ሲመለስ መንገድ ላይ ለሚቀረው።

አንዲት የደሴ ደንበኛ ነበረችኝ። ለእህቷ ሠርግ ያሠራችው ቀሚስ ደረቷ ላይ ጠበባት። «በአውቶቡስ መልሽልኝ፣ ሌላ አሠራልሻለሁ» አልኳት፤ ላከችው። አልደረሰም። ዕቃ የሚራገፍበት ቢሮ ሄጄ ቁጥሩን ብሰጣቸው መዝገቡ «1 ጥቅል» ይላል፤ ሌላ ቃል የለበትም። ልጁ ከጆንያና ከካርቶን ክምር ውስጥ አንድ ፌስታል መዝዞ «ይሄ ይሆን እንዴ እማማ?» አለኝ። ስከፍተው በርበሬ ነው። እያስነጠሰኝ ወጣሁ። ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ፤ እስከዚያ ለልጅቱ «ዕቃው እጄ ሳይገባ እንዴት ብር ልመልስ?» እያልኩ። በመጨረሻ እሷው መደወሉን ተወችው። ከእሷ በኋላ ከደሴ አንድም ሰው አላዘዘኝም። የሠርግ ልብስ የሚገዛ ሰው አክስትና ጎረቤት አስከትሎ ነው የሚመጣው፤ እኔ ለአንድ ቀሚስ ብዬ ያን ሁሉ አጣሁ።

ጥፋቴ የገባኝ ቆይቶ ነው። በአውቶቡስ ላኪው ያልኳት እኔ ነበርኩ። አንቺም በዚህ ላኪልኝ ብለሽ ከሆነና ደንበኛሽ ደረሰኙን ካሳየችሽ ገንዘቧን ዛሬውኑ በቴሌብር መልሽላት፤ ከአጓጓዡ ጋር የሚቀረው ክርክር ያንቺ ነው። ሳትነግርሽ በራሷ ሰው፣ ያለ ደረሰኝ ልካው ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ይህን ግን ከመሸጥሽ በፊት ቻናልሽ ላይ ጻፊው። ዕቃ ከጠፋ በኋላ የሚወጣ ደንብ ለገዢ ማጭበርበር ነው የሚመስለው።

ሳይልኩ ላክን የሚሉ አይጠፉም። ደረሰኝ ጠይቂ፤ ስድብ አትጨምሪበት።

ደረሰኙ ላይ ደግሞ «1 ጥቅል» አይበቃም። ቀሚስ 1፣ ነጠላ 1፣ መቀነት 1 ተብሎ ከነክብደቱና ከነዋጋው ይጻፍ። ደንበኛሽ ሳትጠቀልለው በፊት ጥለቱን ፎቶ ታንሳልሽ። በሞተር ከሆነ ታርጋው ይመዝገብ። የተጻጻፋችሁትን አታጥፊ፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ እንዳያጣ ደንግጓል። ስልክ ደውላ ከነገረችሽም «እንዳልሽኝ» ብለሽ መልሰሽ ጻፊላት።

ሸማኔውም ሰፊውም ሽሮ ሜዳ ስለሆኑ የሚመለሰው ሁሉ ወደ እኔ ይምጣ ብለሻል። ልክ ነሽ፤ ግን «ራጉኤል ጋ» ብለሽ ብቻ አትላኪ። ሞተረኛው ቀጥ ብሎ መርካቶ ራጉኤል ይሄድልሻል፤ እዚያ ቆሞ «ደርሻለሁ፣ ውጡ» ይላል፤ እኔ ተራራው ላይ ጋቢዬን ደርቤ ደጅ ደጁን አያለሁ። ሁለቴ ደርሶብኛል። «እንጦጦ» የሚለው ይቅደም፣ ስልኬም ይጻፍ።

አሜሪካ ያሉት ደንበኞችሽ በፖስታ ከመለሱ፣ በዓለም የፖስታ ኅብረት ደንብ የጠፋ ጥቅል የሚጠየቀው በተላከ በ6 ወር ውስጥ ነው። አገራችን ከ1901 ጀምሮ አባል ናት። አብዛኛውን ጊዜ አመልካቹ ላኪው ስለሆነ፣ አንቺ እዚህ ፖስታ ቤት ከምትንከራተቺ ደንበኛሽ እዚያ ታመልክት፤ በጊዜ ንገሪያት። የእኛ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሚልከው «ሰው ሲመጣ» ነው። በመንገደኛ ሻንጣ የመጣ ዕቃ ከጠፋ መንገደኛውን እንደ ባለዕዳ አትያዢው። ውለታ ሊውል ነው የተሸከመው። ውድ የሆነውን ቀሚስ መጀመሪያውኑ በዚህ መንገድ አታስመልሺ።

ከእያንዳንዱ ሽያጭ ትንሽ እየቆነጠርሽ ለሚጠፋው ዕቃ ለብቻ አስቀምጪ። የጠፋውን ከወር ትርፍሽ ላይ ካወጣሽው ያንገበግብሻል፤ ሲያንገበግብሽ ደግሞ የምትጮኺው ደንበኛሽ ላይ ነው። እኔን ያየሽ ነሽ።

መስከረም 1 ራጉኤል ይነግሣል፤ ለእንቁጣጣሽ ሰው ሁሉ ልብስ ሲፈልግ ሥራው ከቤት እንደማያስወጣሽ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከቅዳሴ በኋላ ብቅ በይ። ትናንት ከባሕር ዳር አንድ ጥቅል መጥቶልሻል። ጥጉ ላይ ፕላስተሩ ሁለቴ የተለጠፈ ይመስለኛል፤ ስለዚህ አልነካሁትም፣ ሳጥኔ ላይ ነው። መቀሱን እኔ እይዛለሁ፣ አንቺ በስልክሽ እየቀረጽሽ እንከፍተዋለን።

እናትሽ