ሲኤምሲ፣ አቧራና የአባባ ኮሮላ

ሰሞኑን እኛ ቤት ጉባኤ ተጠርቶ ነበር፡፡ አጀንዳው አንድ ብቻ፤ የአባባ ኮሮላ፡፡ ተሰብሳቢዎቹ ሦስት፤ ታላቅ እህታችን (ደመወዝተኛዋ)፣ ታናሽ ወንድማችን (ባለ ሐሳቡ) እና ጋዜጠኝነት ተምራ ይህቺን የምትጽፍላችሁ መካከለኛዋ (ቃለ ጉባኤ ያዥ)፡፡ እማማ ቡና እያፈላች በታዛቢነት ተገኝታለች፡፡ አባባ አልተጠራም፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ጥቅምት ላይ አባባ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዶ ሲመለስ “ግላኮማ ነው አሉኝ፤ ከእንግዲህ መሪ አትያዝ ብለውኛል” አለና ጫማውን አውልቆ ተኛ፡፡ ሁለት ሳምንት ስለ መኪና ሳያነሳ ቆየ፡፡ ከዚያ አንድ እሁድ ምሳ ላይ “ቆማ ከምትበሰብስ ትሸጥ” አለ፡፡ እኛም ትሸጥ ካላችሁማ በደንብ ትሸጥ ብለን ተሰበሰብን፡፡

እዚህ አገር መኪና መኪና ብቻ እንዳልሆነ ለእናንተ አንነግራችሁም፡፡ ጡረታ ነው፤ የባንክ ደብተር ነው፡፡ ሌላው ዓለም ላይ መኪና ከሻጩ ግቢ እንደወጣ ዋጋው ይወርዳል ይባላል፤ አባባ በ2003 የገዛት ኮሮላ ግን ዛሬ ከተገዛችበት በብዙ እጥፍ ትጠየቃለች፡፡ በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን ወገብ የሚሰብር አደረገው፤ በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ብሩ ለገበያ ተለቀቀ፡፡ መንገዳችን ድምፅ በሌላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች እየተሞላ ቢሆንም የድሮዋ ኮሮላ ክብሯ አልተነካም፡፡ ደላላው በስልክ መጀመሪያ የጠየቀን እንኳን ስለ ሞተሯ አልነበረም፡፡ “ቀለሟ የፋብሪካ ነው?” ነበር ያለው፡፡ ሦስታችንም ተያየን፡፡ ለምን እንደተያየን ወደ ኋላ እንመጣበታለን፡፡

ወንድማችን ሐሳብ አመጣ፤ ሴራሚክ ኮቲንግ፡፡ ቲክቶክ ላይ ሳታዩት አትቀሩም፡፡ አንድ ጓንት ያጠለቀ ልጅ ኮፈን ላይ ውሃ ይደፋል፣ ውሃው እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ይወርዳል፣ ከሥሩ “9ኤች ጥንካሬ” የሚል ጽሑፍ ብልጭ ይላል፡፡ ወጪው የእህታችን የአንድ ወር ተኩል ደመወዝ ሆኖ ተገኘ፡፡ እህታችን “መስታወት ነው እንዴ የሚለብሷት?” አለች፡፡ በቀልድ ነው ያለችው፤ ግን ሩቅ አልሄደችም፡፡ ሴራሚክ የሚባለው ነገር ጠርሙስ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ነው፤ መሠረቱ ሲሊካ፣ ማለትም አሸዋና መስታወት የሚሠሩበት ነገር፡፡ ጥቂት ጠብታ በስፖንጅ ተደርጎ ይቀባል፣ ከደቂቃዎች በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ይወለወላል፣ ከዚያ አየር ውስጥ ባለው እርጥበት እየደረቀ ከቀለሙ ጋር ይያያዛል፡፡ ውፍረቱ አንድና ሁለት ማይክሮን ቢሆን ነው፡፡ የሰው ፀጉር ሰባ ማይክሮን ገደማ መሆኑን አስቡት፡፡

በነገራችን ላይ ያቺ “9ኤች” የምትባለው ነገር የእርሳስ መለኪያ ናት፡፡ አዎ፣ የስዕል እርሳስ፡፡ በጠንካራው እርሳስ ሲጫር ካልተጫረ 9ኤች አገኘ ይባላል፡፡ ማስታወቂያው ግን አልማዝ ዘጠኝን በአንድ ቁጥር የሚቀድምበትን ሌላ መለኪያ እያሳሰበ ነው የሚሸጥላችሁ፡፡ ጠጠርም፣ የግቢ በር ብረትም፣ የባጃጅ መስታወትም ይህን አይፈሩትም፡፡

ሰፈራችን ደግሞ ሲኤምሲ ነው፡፡ ስሙን የወረሰው ከጣሊያን የግንባታ ድርጅት ምሕጻር ነው፤ ስም ይመራዋል እንዲሉ ከዚያ ወዲህ ግንባታው ቆሞ አያውቅም፡፡ ማታ ንጹሕ አድርጋችሁ ያቆማችኋት መኪና ጠዋት የሲሚንቶ ዱቄት ተነስንሶባት ታገኟታላችሁ፡፡ ጤዛ ሲነካው ይጋገራል፡፡ በላዩ ወፍ ትጨምርበታለች፤ የወፍ ኩስ አሲድ ስላለው ፀሐይ ላይ ከዋለ ቀለሙን ይበላዋል፡፡ ፀሐዩስ? ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፡፡ እኛ ፊታችንን ሎሽን እንቀባለን፤ ኮሮላዋ ምን ትቀባ?

እንግዲህ አባባን ይዘን ሄድን፡፡ አትመጣም ብንለው “የኔ መኪና አይደለችም እንዴ?” አለ፡፡ መሪ ወንድማችን ያዘ፤ አባባ ከጎኑ ተቀምጦ እስክንደርስ እግሩ ፍሬን ይረግጥ ነበር፡፡

ዲቴይሊንግ የሚሠራው ልጅ በዕድሜ ከእኛ ብዙም አይበልጥም፡፡ እጥበቱን ከጨረሰ በኋላ እንደ ስልክ የምታህል መሣሪያ አወጣ፡፡ የቀለም ውፍረት መለኪያ ናት፤ ብረቱ ላይ ስትነካ ከብረቱ በላይ ያለውን በማይክሮን ትናገራለች፡፡ ከፋብሪካ የወጣ ቀለም በአብዛኛው ከ100 እስከ 150 ይላል፤ በዚያ ውስጥ ከላይ ያለችው፣ የምታንጸባርቀውና ፀሐዩን የምትችለው ግልጽ ሽፋን 40 ወይም 50 ብቻ ናት፡፡ ጣሪያው ላይ 112 አለ፡፡ ጥሩ፡፡ ፓርፋንጎው 104፡፡ ኮፈኑ ላይ 84 አለ፡፡ ደገመው፤ 81፡፡ ልጁ በእጅ መብራት አበራበትና ጠራን፡፡ ጥቁር ሰማያዊው ቀለም ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት፣ ክብ በክብ፣ ከዳር እስከ ዳር፡፡

“በደረቁ የሚወለውላት ማነው?” አለ፡፡

ዝም አልን፡፡ አባባ ለአሥራ አምስት ዓመት በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በአሮጌ የአልጋ ልብስ ቁራጭ አቧራዋን ሲጠርግ ነው ያደግነው፡፡ የዚያች ጨርቅ ሹክሹክታ ነበር የማንቂያ ደወላችን፡፡ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ ደግሞ ኮምፓውንድ ገዝቶ ላብ እስኪያጠምቀው ያሻት ነበር፤ ኮምፓውንድ ማለት የሚፍቅ ነገር መሆኑን ማን ነገረው? በእያንዳንዱ በዓል ከዚያች ሽፋን ትንሽ ትንሽ ሲቀንስላት ኖሯል፡፡

“ዘበኛው ነው” አለ ወንድማችን፡፡

“እኔ ነኝ” አለ አባባ፡፡ ዘበኛ ኖሮን አያውቅም፡፡

ልጁ ደነገጠ፡፡ “ጋሼ፣ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው” አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያስረዳ ጀመር፡፡ የሲኤምሲ አቧራ ድንጋይ ነው፤ የደቀቀ ድንጋይ፡፡ ውሃ ሳይነካው ስትጠርጉት ጨርቁ የብርጭቆ ወረቀት ይሆናል፡፡ ሴራሚክ ደግሞ ከሥሩ ያለውን ጭረት እንዳለ አሽጎ ነው የሚቀመጠው፤ ስለዚህ መጀመሪያ በማሽን መፋቅ አለበት፡፡ ይሄ ኮፈን ግን አንድ ጊዜ በደንብ ከተፋቀ ሽፋኑ ሊያልቅ ይችላል፡፡ “ገንዘባችሁን አልበላም” አለን፡፡ እኛ ገንዘባችንን የማይበላ ሰው ስላልለመድን ትንሽ ተጠራጠርነው፡፡

ከዚያ መሣሪያዋን የኋላ ግራ በር ላይ አስነካት፡፡ 310፡፡

አሁን ወደ መተያየታችን እንመለስ፡፡ በ2009 አባባ ለለቅሶ ደብረ ብርሃን ሄዶ ሦስት ቀን ቆየ፡፡ ወንድማችን መንዳት ልለማመድ ብሎ በሩን ከግቢያችን ብረት ጋር ፈተገው፡፡ ሦስታችን የነበረንን አዋጣን፣ ከእማማ የአስቤዛ ገንዘብ ተበደርን (አልመለስንም)፣ አንድ ጋራዥ በአንድ ቀን ስቱኮ ደፍኖ ቀባልን፡፡ አባባ መጣ፣ መኪናዋን ዞረ፣ ምንም አላለም፡፡ ስምንት ዓመት ሙሉ ምስጢር ጠባቂዎች ነን ብለን ስንኮራ ኖረናል፡፡

ልጁ “ይሄ በር ተቀብቷል፤ ስቱኮም ሳይኖረው አይቀርም” አለ፡፡

አባባ እጁን በሩ ላይ አሳረፈና “አውቃለሁ፤ ቀለሙ አንድ እርከን ይደምቃል፡፡ ሽታውም ሳምንት ነበረው” አለ፡፡ ከዚያ ወደ ወንድማችን ዞሮ፣ “ሰው አልገጨህም ብዬ እኮ ነው ዝም ያልኩት፡፡” እህታችን ወደ ውጭ ወጥታ ስልክ የምታወራ መሰለች፡፡ ስልኳ ግን ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፡፡

ሴራሚኩ ቀረ፡፡ ቀላል ፖሊሽና የሚረጭ ሰም ተደረገላት፡፡ ሰሙ ጥቂት ሳምንት፣ ቢበዛ ሁለት ሦስት ወር ነው የሚቆየው፤ ታጥባ እንደገና ይረጫል፣ በማይክሮፋይበር ይጠረጋል፣ አለቀ፡፡ አዲስ መኪና ያላችሁ፣ መቀመጫው ላይ የፋብሪካውን ላስቲክ ለሦስት ዓመት የማታነሱ ወዳጆቻችን፣ ገንዘቡ ካላችሁ ሴራሚኩን አሁን፣ ቀለሙ ሳይጫር አስደርጉት፡፡ ከላስቲኩ ይሻላል፡፡ እንደ እኛ ያረጀች ላለችው ግን ሰሙና ሁለት ባልዲ ይበቃል፤ አንዱ ለሳሙና፣ አንዱ ጨርቁን ለማለቅለቅ፡፡ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሁለት ባልዲ ማለት ቀልድ እንዳልሆነ እናውቃለን፡፡ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናም ሰሙን አብሮ ይወስደዋልና ተዉት፡፡

በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነቃን፡፡ ሹክሹክታው የለም፡፡ በመስኮት ስናይ አባባ በርጩማ አውጥቶ ከመኪናዋ ፊት ለፊት ተቀምጧል፣ እጆቹ ጉልበቱ ላይ፡፡ ኮፈኑ ላይ አቧራ ወርዷል፤ አልነካውም፡፡ እማማ ባልዲ ውሃ ይዛ ወጣች፡፡ “የዛሬን ፈረቃ ለሷ ስጣት” አለችው፡፡

ገዢ ቅዳሜ ይመጣል፡፡ ደላላው “ስለ በሩ እናንተ አታንሱ፣ ካወቀ ይወቅ” ብሎናል፡፡ አባባ ደግሞ ስለ ኮፈኑ እኔ እነግረዋለሁ፣ የበሩ ግን የናንተ ነው ብሏል፡፡ ወንድማችን ማን እንደሚናገር ዕጣ እንጣል እያለ ነው፡፡ እህታችን ዕጣውን የምትጽፈው እሷ እንደሆነች፣ በሦስቱም ወረቀት ላይ የሱን ስም እንደምትጽፍ ከወዲሁ ነግራናለች፡፡